ዋርዱን ማን ያውቀዋል? የነርሶችን የሥራ ከባቢ ስለ መለካት የተደረገ ምልልስ

በዚህ ጽሑፍ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጸሐፊው የጥያቄውን ሁለት ወገን እንዲያስረዱለት ያቆማቸው ናቸው። አንደኛው በሆስፒታል ዳይሬክተር ወንበር ተቀምጦ የሚያስብ ሐኪም ነው፤ ሁለተኛዋ ነርስነትን የምታስተምር ነርስ ናት። የሚከራከሩበት ነጥብ የነርሶችን የሥራ ከባቢ መለካት ይቻላል ወይ፣ ከተቻለስ ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም፦ ሲስተር፣ ጥርጣሬዬን ሳልደብቅ ልጀምር። ሆስፒታል የሚለካው ነገር አላጣም። የአልጋው ብዛት፣ በሽተኛው ተኝቶ የቆየበት ቀን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስል፣ የሞቱት ቁጥር፣ በመጋዘን ያለው መድኃኒት፣ ሁሉም በመዝገብ ይቆጠራል። አሁን ደግሞ «የነርሶች የሥራ ከባቢ» በነጥብ ይለካ ይባላል። ለእኔ የሥራ ከባቢ ማለት ዞሮ ዞሮ የሰው ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ እንደ ሰዉ ጠባይና እንደ ዕለቱ ድካም ይለዋወጣል። ዛሬ ዕረፍት አግኝታ የገባች ነርስ ዋርዱ ደኅና ነው ትላለች፤ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ተረኛ ሆና የወጣችው ያንኑ ዋርድ ታማርራለች። ይህን በቁጥር አስቀምጦ አንዱ ሆስፒታል ከሌላው ይሻላል ማለት ከሳይንስ ይልቅ ለወሬ የቀረበ ይመስለኛል።

ነርስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፣ ዶክተር። መልሱ የሚቀለን ከሐሳቡ አመጣጥ ብንነሣ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የነርስ እጥረት በርትቶ ነበር። ሆስፒታሎች ክፍት የሥራ መደብ ይዘው ሰው ያጡ ነበር፤ የቀጠሩትም ብዙ ሳይቆይ ይለቅባቸዋል። በዚያው ችግር መካከል ግን ነርስ የማያጡ፣ የቀጠሩትም የማይሸሻቸው ሆስፒታሎች ነበሩ። የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ አንድ የጥናት ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑም ነርሶች ለምን እንደሚለቁ ከመጠየቅ ይልቅ የማይለቁት ለምን እንደማይለቁ ጠየቀ። በ1983 በወጣው ጥናት 41 ሆስፒታሎች ተለይተው «ማግኔት ሆስፒታል» ተባሉ። የጋራ ባሕርያቸው ሲመረመር ነርሶቹ በሙያቸው ክልል የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው፤ የነርሶች የበላይ ኃላፊ ከአመራሩ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ሐኪምና ነርስ ተከባብረው ይሠሩ ነበር፤ የነርሶቹ ቁጥርም ከሥራው ጋር ይመጣጠን ነበር። እነዚህ ስሜቶች ሳይሆኑ የአሠራር ባሕርያት ናቸው። አሠራር ደግሞ አለ ወይስ የለም ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል።

ሐኪም፦ እስከዚህ ድረስ እከተልዎታለሁ። ነገር ግን 41 ሆስፒታሎች በመልካም ስማቸው ተመርጠው ባሕርያቸው ተጻፈ ማለት መለኪያ ተገኘ ማለት አይደለም። መለኪያ የሚባለው በማንኛውም ሆስፒታል፣ ስም ባለውም በሌለውም፣ በተመሳሳይ መንገድ ተጠይቆ ሊነጻጸር የሚችል ውጤት የሚሰጥ ነው። ከዚያ ጥናት ወደ እንዲህ ያለ መለኪያ በምን መንገድ ተደረሰ?

ነርስ፦ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በ1989 ማርሊን ክሬመር ከሥራ ባልደረባዋ ጋር የማግኔት ሆስፒታሎችን ባሕርያት 65 ነጥቦች ባሉት መጠይቅ አሰባሰበች። መጠይቁ ሰፊ ቢሆንም ረጅም ነበር፤ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድም ጥርት ብሎ አልተለየም። በ2002 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አይሊን ሌክ ከማግኔት ሆስፒታሎች ነርሶች ቀደም ሲል የተሰበሰበውን መረጃ እንደገና መርምራ መጠይቁን ወደ 31 ነጥቦች አሳጠረችው፤ ነጥቦቹንም በአምስት ክፍል መደበቻቸው። የመጀመሪያው ክፍል በ9 ጥያቄዎች ነርሶች በሆስፒታሉ ጉዳዮች ውሳኔ ውስጥ ይሳተፉ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛው በ10 ጥያቄዎች የጥራት መሠረቶችን ይመለከታል፤ የነርሲንግ እንክብካቤ ዕቅድ መጻፉን፣ አዲስ ተቀጣሪ የሚያለማምደው ሰው መኖሩን፣ ሥልጠና መቀጠሉን። ሦስተኛው በ5 ጥያቄዎች የዋርድ ኃላፊዋን ችሎታና ድጋፍ ይመዝናል፤ ነርሷ ከሐኪም ጋር ሳትስማማ ስትቀር እንኳ ኃላፊዋ ከጎኗ ትቆም እንደሆነ፣ ስህተት ሲፈጠር ለመማሪያ ይውል ወይስ ለወቀሳ። አራተኛው በ4 ጥያቄዎች የሰውና የግብዓት በቂነትን ይጠይቃል። አምስተኛው በ3 ጥያቄዎች የሐኪምና የነርስ ግንኙነትን ይመለከታል። ለየጥያቄው የሚሰጠው መልስ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ባለ አራት ደረጃ ነው። መሐል ላይ ማምለጫ የለውም፤ መላሿ ወይ ወደ «አለ» ወይ ወደ «የለም» ማዘንበል አለባት። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 4 ሲቆጠሩ መካከለኛው ነጥብ 2.5 ነው፤ አንድ ክፍል በአማካይ ከዚያ በላይ ካገኘ ነርሶቹ ያ ባሕርይ በሥራቸው ላይ አለ እያሉ ነው። ከአምስቱ አራቱ ወይም አምስቱ ከመካከለኛው ነጥብ በላይ የወጡለት ሆስፒታል ምቹ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የወጡለት ቅይጥ፣ ከዚያ ያነሰው የማይመች ተብሎ ይመደባል።

ሐኪም፦ አደረጃጀቱ ሥርዓት አለው፤ ዋናው ጥርጣሬዬ ግን አልተነቃነቀም። ጥያቄው በአምስት ቢመደብ በአሥር፣ መልሱን የምትሰጠው ነርሷ ናት። ከኃላፊዋ የተጣላች ለሦስተኛው ክፍል ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ ብትሰጠው ምን ይከለክላታል? ደመወዝ ያነሳትስ ብሶቷን በ31ዱም ጥያቄ ላይ ብትዘረግፈው? የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ የምናውቀው ነገር ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ሰዉ ምን ያህል እንደተከፋ ይነግረናል እንጂ ምን መታረም እንዳለበት አይነግረንም።

ነርስ፦ እርካታንና የሥራ ከባቢን ስንለያያቸው ነገሩ ይጠራል። የእርካታ መጠይቅ ሰውየው ደስ ብሎት እንደሆነ ይጠይቃል። ይህኛው ግን ነርሷን ስለ ራሷ አይጠይቃትም፤ በአሁኑ ሥራዋ ላይ ይህ ነገር አለ ወይ ይላታል። እርስዎ «በዚህ ዋርድ የኦክስጅን ሲሊንደር ሳይቋረጥ ይገኛል?» ተብለው ቢጠየቁ መልስዎ ስለ ሲሊንደሩ ነው፤ ደስታዎ አልተጠየቀም። ደግሞም የአንዲት ነርስ መልስ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የሚወሰደው የዋርዱ ወይም የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ አማካይ ነው። አንዷ ከኃላፊዋ ብትጣላ ሃያዎቹ አልተጣሉም፤ አንዱ በዕለቱ ቢደክመው ሌሎቹ ዐርፈው ነበር። ተመራማሪዎች ነጥቡን ከመጠቀማቸው በፊት የአንድ ሆስፒታል ነርሶች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ፣ ሆስፒታሎች ከሆስፒታሎችስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይመረምራሉ፤ መስማማታቸውም ተገኝቷል። ነገሩ የየግለሰቡ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉት እንዲህ ባልተስማሙ ነበር። በተረፈ ስለ ዋርዱ ከነርስ የተሻለ ምስክር ማን አለ? ሐኪሙ በራውንድ ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፤ ዳይሬክተሩ በሪፖርት ያየዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው አጠገብ የምትቆየው ነርሷ ናት።

ሐኪም፦ ምስክርነቷን ልቀበል። ምስክር የሚፈተነው ግን ከእርሱ ጋር ባልተነጋገረ ሌላ ማስረጃ ነው። ነርሶች ሆስፒታላችን መልካም ነው ባሉበት ቦታ በሽተኛው በእርግጥ ይሻለዋል ወይ? በሽተኛው የሚተርፈው የነርሶቹ ነጥብ ስላማረ ሳይሆን በጊዜው የታየ፣ በጊዜው የታከመ እንደሆነ ነው። ነጥቡ ከሞትና ከመዳን ጋር የማይገናኝ ከሆነ ለሠራተኛ ማኅበር ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ለሆስፒታል አስተዳዳሪ አይጠቅምም።

ነርስ፦ ፈተናው የተደረገው ልክ እርስዎ ባሉት መንገድ ነው፤ የነርሶቹን መልስ ነርሶቹ ካልጻፉት የሞት መዝገብ ጋር በማስተያየት። በ1994 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ 39 ማግኔት ሆስፒታሎችን ከሚመሳሰሏቸው 195 ሌሎች ሆስፒታሎች ጋር አነጻጸሩ። የበሽተኞቹ የሕመም ክብደት ከተስተካከለ በኋላ በማግኔት ሆስፒታሎች የአረጋውያኑ ሞት 4.6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ማስረጃው በብዙ አገር ተከማችቷል። በ2019 ሌክና ባልደረቦቿ በዚሁ መጠይቅ የተሠሩ 17 ጥናታዊ ጽሑፎችን አንድ ላይ መዘኑ፤ በውስጣቸው ከ22 አገሮች የመጡ 2,677 ሆስፒታሎች፣ 165,024 ነርሶችና ከ1.3 ሚሊዮን በላይ በሽተኞች ነበሩ። የሥራ ከባቢው በተሻለበት ሆስፒታል ነርሶች በሥራቸው የመንገፍገፍ፣ የመዛልና የመልቀቅ ሐሳብ የመያዝ ዕድላቸው 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። በበሽተኞቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳትና ሞት ደግሞ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። የመጀመሪያው ውጤት ከነርሶች አንደበት ስለመጣ ሊጠራጠሩት ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው የመጣው ከመዝገብ ነው።

ሐኪም፦ ቁጥሩን እንመልከተው። 7 ወይም 8 በመቶ የሚባለው አንጻራዊ ነው። ከሺህ በሽተኛ ሃያ የሚሞትበት ሆስፒታል ቢኖር የዚህ ልዩነት ትርፉ በሺህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው። ገንዘብ ያለው ሆስፒታል ጥሩ መሣሪያ፣ ጥሩ ሐኪም፣ ጥሩ ቤተ ሙከራ አለው፤ ነርሶቹንም በደንብ ይይዛል። በሽተኛው የተረፈው በመሣሪያው ይሁን በነርሶቹ ከባቢ እንዴት ይለያል? ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን አመጣው አያሰኝም።

ነርስ፦ በሺህ አንድ ሰው ትንሽ የሚመስለው በአንድ ዋርድ ስናስበው ነው። በዓመት ሃያ ሺህ በሽተኛ አስተኝቶ ለሚያክም ሆስፒታል ሃያ ሰው ነው፤ በአገር ደረጃ ሲታሰብማ ብዙ ሕይወት ይሆናል። ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ እውነቱን ልናገር፤ ሆስፒታሎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን መልካም፣ ለሌላው መጥፎ የሥራ ከባቢ መመደብ አይቻልም። ስለዚህ ማስረጃው የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ የሚመሳሰሉትን ማነጻጸር ነው፤ ጠንካሮቹ ጥናቶች የሆስፒታሉን ስፋት፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል መሆን አለመሆኑን፣ የመሣሪያውን ደረጃና የበሽተኞቹን የሕመም ዐይነት በሒሳቡ ውስጥ አስገብተው ሲያስተካክሉም ልዩነቱ አልጠፋም። ሁለተኛው መንገድ ያንኑ ሆስፒታል በሁለት ጊዜ ማየት ነው። በ2015 የወጣ የፔንሲልቬንያ ጥናት ከ1999 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ማግኔት የመሆን ዕውቅና (ስሙ ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ ሆስፒታሎች የሚያገኙት ዕውቅና ሆኗል) ያገኙ 11 ሆስፒታሎችን ካላገኙት 125 ጋር አስተያየ። በመነሻው ዓመት ሁለቱ ወገኖች በአብዛኛው ተመሳሳይ ነበሩ። በመድረሻው ግን ዕውቅናውን ያገኙት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰውን ሞት ከሌሎቹ በበለጠ ቀንሰውት ተገኙ፤ ብልጫቸው በሺህ በሽተኛ 2.4 ሰው ነበር። ሀብት ብቻውን ይህን ለውጥ ያመጣል ለማለት ሀብቱ በዚያው ጊዜ እነዚህን ብቻ መርጦ ጨመረ ማለት ይኖርብናል።

ሐኪም፦ እንግዲያው አጭሩን መንገድ እንያዝ። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች፣ ከ420,000 በላይ የቀዶ ሕክምና በሽተኞች መዝገብ ላይ የተሠራው ጥናት በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ ሲጨመር የመሞት ዕድል 7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ካሊፎርንያ ከ2004 ጀምሮ የነርስና የበሽተኛ ምጥጥንን በሕግ ወስኖ ሥራ ላይ አውሏል። ይህ የሚቆጠር ነገር ነው። ነርስ እንጨምር፤ ምጥጥኑን እንጠብቅ፤ ስለ ከባቢው መጠይቅ ማሰራጨት ለምን ያስፈልገናል?

ነርስ፦ ወደ ክርክሬ መሐል ያመጡኝ እርስዎ ነዎት። ነርስ መጨመር ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ክፍሎች አንዱ ራሱ የሰው በቂነት ነው። ነገር ግን በ2011 ኤይከንና ባልደረቦቿ በአራት የአሜሪካ ግዛቶች በሚገኙ 665 ሆስፒታሎች ላይ ያወጡትን ውጤት ይመልከቱ። የሥራ ከባቢው እጅግ በተሻለባቸው ሆስፒታሎች የነርሷ ሸክም በአንድ በሽተኛ ሲቀንስ የሞት ዕድል 9 በመቶ ቀነሰ። መካከለኛ በሆኑት 4 በመቶ ቀነሰ። ከባቢው በከፋባቸው ግን ሸክሙ መቀነሱ ያመጣው ለውጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያው ጭማሪ፣ ያው የደመወዝ ወጪ በአንዱ ቦታ ሕይወት ያድናል፤ በሌላው ቦታ ይባክናል። ምክንያቱም ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት በሽተኛ ሌሊት ላይ የደም ግፊቱ መውረድ ሲጀምር የሚያድነው ነርሷ ማየቷ፣ ያየችውን ለመናገር መድፈሯ፣ የተጠራው ሐኪም ሰምቶ መምጣቱ፣ የሚያስፈልገው ፈሳሽም መኖሩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ ሁለት ነርሶች በቆሙበት አራት ብናቆም በሽተኛው አይድንም። እንግዲህ የነርስ ቁጥር ለመጨመር ገንዘብ የሚመድብ አስተዳዳሪ ገንዘቡ ፍሬ የሚያፈራበትን ሁኔታ ሳይለካ መመደቡ ወጪውን በጭፍን ማፍሰስ ነው። የሥራ ከባቢ የሚለካው ነርሶችን ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ ለበሽተኛው የምናወጣው ሌላው ወጪ ሁሉ እንዲሠራ ነው።

ሐኪም፦ ይህ ውጤት ከጠበቅሁት በላይ የሚያሳስብ ነው፤ እቀበለዋለሁ። አሁን ግን ወደ አገራችን እንምጣ። መጠይቁ የተወለደው ውኃ በማይቋረጥበት፣ ጓንት በማያልቅበት፣ በሽተኛን የሚያገላብጠውና የሚያበላው የተቀጠረ ሰው በሆነበት ሆስፒታል ነው። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚው ከአልጋው ሥር ያድራል፤ ያበላል፣ ያጥባል፣ መድኃኒት ፍለጋ ከግቢ ውጭ ይሮጣል። ነርሷን ሆስፒታሉ ባቋቋማቸው ኮሚቴዎች ውስጥ የመሳተፍ ዕድል አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ከችግሯ ጋር አይገናኝም። የሌላውን አገር መለኪያ አምጥተን እንደ ወረደ ብንዘረጋው የእኛን ሕመም ሳያይ ያልፋል።

ነርስ፦ እንደ ወረደ መዘርጋቱን እኔም አልደግፍም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አምስቱ መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ማለትም ተሳትፎ፣ የጥራት መሠረት፣ የኃላፊ ድጋፍ፣ በቂነትና የሐኪምና የነርስ መከባበር፣ በየትኛውም አገር ላለ ዋርድ የሚሠሩ ናቸው። የእኛ ነርስ ሐኪሙን «ይህ መጠን የበዛ አይመስልዎትም?» ለማለት መድፈሯ ወይም መፍራቷ ከአሜሪካዋ ነርስ ባልተናነሰ በሽተኛውን ያድናል ወይም ይገድላል። የሚለወጡት ዝርዝሮቹ ናቸው። አምስቱን ሳንነካ የራሳችንን ስድስተኛ ክፍል እንጨምር፤ ውኃና መብራት በተረኛነት ጊዜ ይቋረጣል ወይ፣ ጓንትና ሲሪንጅ ሳይለመን ይገኛል ወይ፣ የነርስ ሥራ ወደ አስታማሚ ተላልፏል ወይ፣ ሌሊት ለምትሠራ ነርስ ደኅንነቷ ተጠብቋል ወይ የሚል። ነርሶቻችን በእንግሊዝኛ ስለተማሩ መጠይቁን በእንግሊዝኛው ማደል ይቀል ይሆናል፤ ሆኖም በየጥያቄው ምን እንደተረዱ ጥቂቶቹን አስቀምጦ መጠየቅ፣ ከዚያም በየሚሠሩበት ቋንቋ ማዘጋጀት የግድ ነው። ደግሞም ከባዶ አንነሣም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ አገልግሎት የራሱን መስፈርት አስቀምጧል፤ ሆስፒታሎችም ከዚያ ወዲህ በመመዘኛ ቅጽ መታየትን ለምደዋል። የቅጹ ጉድለት መኖሩን እንጂ መሥራቱን አለማየቱ ነው። መዛኙ በቻርቱ ውስጥ የእንክብካቤ ዕቅድ ቅጽ መኖሩን አይቶ ምልክት ያደርጋል፤ ዕቅዱ በሌሊት ተረኛዋ መነበቡን የምታውቀው ግን ነርሷ ብቻ ናት።

ሐኪም፦ የሚያስፈራኝ ታዲያ ይኸው ነው። ነርሷ ታውቃለች፤ ትናገራለች ወይ? በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግምገማ የሚባለው ነገር ያሳደረው ፍርሃት አለ። ስለ ኃላፊዋ የጻፈችው ተመልሶ ዝውውር ወይም የሌሊት ተራ ሆኖ የሚደርስባት ከመሰላት ሁሉም ጥሩ ነው ብላ ትሞላዋለች። ፍርሃት ባይኖር ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ ደግ ለሆነች ኃላፊ ዝቅ ያለ ነጥብ መስጠት ይከብዳል። በሌላ በኩል ነጥቡ ለሹመትና ለጉርሻ ከዋለ ኃላፊዎች ራሳቸው ነጥቡን ያሳምሩታል። በሁለቱም መንገድ የምናገኘው የሚያምር ወረቀት ነው።

ነርስ፦ ስለዚህ የአለካኩ ሥርዓት ከጥያቄዎቹ እኩል ይመዝናል። መጠይቁን የምታድለው ሜትሮኗ ወይም የዋርድ ኃላፊዋ መሆን የለባትም፤ ከሆስፒታሉ ውጭ ያለ አካል፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር፣ ሰብስቦ አማካዩን ብቻ ለሆስፒታሉ ይስጥ። ስም አይጻፍ፤ መላሾቹ ጥቂት የሆኑበት ዋርድ ውጤት ለብቻው አይውጣ፣ ከሌላ ጋር ይቀላቀል። ከተጠየቁት ግማሾቹ እንኳ ካልመለሱ ውጤቱ አይታመን፤ ዝምታው ራሱ ግን ይጻፍ፣ ምክንያቱም ነርሶቹ መልስ የማይሰጡበት ሆስፒታል ስለ ራሱ አንድ ነገር ተናግሯል። ነጥቡ ለቅጣትም ለጉርሻም አይዋል፤ ሰውን ለመመዘን ከዋለ ግምገማ ይሆናል፣ አሠራርን ለማረም ከዋለ ግን መለኪያ ሆኖ ይቆያል። ብቻውንም አይነበብ። ባለፈው ተረኛነት ጊዜ ባለመድረሷ ሳትሠራው ያለፈችው ሥራ ምን እንደሆነ ይጠየቅ፤ በዓመቱ ስንት ነርስ እንደለቀቀ ይቆጠር፤ የወደቁ፣ የአልጋ ቁስል የያዛቸው በሽተኞች ይመዝገቡ። ነጥቡ ከፍ ብሎ ነርሱ የሚለቅ፣ ቁስሉ የሚበዛ ከሆነ ወረቀቱ እየዋሸ መሆኑን እናውቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሥርዓቱ መሠራት ያለበት መናገር ከመደበቅ የተሻለ እንዲሆን ነው።

ሐኪም፦ አንድ የቀረ ከባድ ነገር አለ። መጠይቁ ስለ ደመወዝ አይጠይቅም። ነርሶቻችን ወደ ዐረብ አገሮችና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት፣ እዚሁ የቀሩትም ሁለትና ሦስት ቦታ የሚሠሩት በኑሮ ምክንያት ነው። የሥራ ከባቢ እንለካለን እያልን የደመወዙን ጥያቄ ወደ ጎን የምንገፋበት ሰበብ ብናደርገውስ? ባለሥልጣኑ «ከባቢያችሁን እያሻሻልን ነው» ብሎ የሚገባቸውን ቢነፍጋቸው መለኪያው ሽፋን ይሆናል።

ነርስ፦ ይህን ማንሣትዎ ለነርሶች መቆርቆርዎን ያሳያል። መልሴ የማያወላውል ነው፤ የሥራ ከባቢ ደመወዝን አይተካም። ልጆቿን ማብላት ያቃታትን ነርስ የኃላፊዋ መልካምነት አያቆያትም። ደመወዝ ለብቻው ይጠየቅ፣ ለብቻውም ይመለስ። ግን ተቃራኒውም እውነት ነው። ደመወዝ ጨምረን ነርሷ የምትናገረው የማይሰማባት፣ ስህተቷ ለወቀሳ ብቻ የሚፈለግባት፣ ያለ ጓንት የምትሠራባት ዋርድ ውስጥ ብንተዋት ደመወዙ ያቆያት ይሆናል እንጂ በሽተኛውን አያድነውም። ሁለቱን ለያይቶ መለካት የሚጠቅመው አንዱ ለሌላው ሰበብ እንዳይሆን ነው።

ሐኪም፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላሻሽል። ነገሩን ስሜት ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ማስረጃው የአሠራር ጉዳይ መሆኑን አሳምኖኛል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጣለሁ። ዳይሬክተሩ ውጤቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚያኖረው ከሆነ ባይለካ ይሻላል። ነርሶቹ እውነቱን ተናግረው ምንም ካልተለወጠ በሚቀጥለው ዓመት አይናገሩም፤ ያን ጊዜ መለኪያውን ብቻ ሳይሆን እምነታቸውንም አጥተናል። በሐኪምና በነርስ ግንኙነት ክፍል ነጥቡ ዝቅ ካለም የሚታረመው በእኛ በሐኪሞቹ በኩል ነው፤ ለነርሶች ሥልጠና በመስጠት ብቻ ልናልፈው አይገባም።

ነርስ፦ በዚህ ፍጹም እስማማለሁ። መለካት ማረምን ካልወለደ በሽተኛውንም ነርሷንም አይጠቅምም። ስለዚህ ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለጤና ቢሮዎችና ለጤና ሚኒስቴር የምለው ይህን ነው። የነርሶችን የሥራ ከባቢ ከሞት፣ ከኢንፌክሽንና ከአልጋ ቁጥር እኩል በሆስፒታሉ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ አስገቡት። በየዓመቱ ነርሶችን ያለ ስም ጠይቁ። ውጤቱን በሁለት ወር ውስጥ በየዋርዱ ለመለሱት ሰዎች አንብቡላቸው። ከአምስቱ ወይም ከስድስቱ ክፍሎች ዝቅ ብሎ የተገኘውን አንዱን ምረጡና እስከሚቀጥለው ዓመት ለማሻሻል ገንዘብና ኃላፊ ሰው መድቡለት። በሽተኛው ሌሊት የሚተርፈው ወይም የሚሞተው በዚህ የሥራ ከባቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይለኩ ማስተዳደር ይቅርታ የሌለው ቸልተኝነት ነው።